ከካራማራ እስከ ወጣቶች ደሴት፤ በስፓኒሽ ቋንቋ የተማሩ መሐንዲሶቻችን

ይህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ሲዘጋጅ ስለ ካርቱም ኑሯችን፣ ስለ እድሩና ስለ ስደቱ የሚጽፉ ብዙ ወገኖች እንደሚኖሩ እናውቃለን። እኛ ደግሞ በዴም ሰፈር ሱቅ ከፍተን በኖርንባቸው ዓመታት ከደንበኞቻችን መካከል ስላገኘናቸው፣ ታሪካቸው ግን ብዙም ስላልተነገረላቸው ወገኖች ጥቂት ማለት ፈለግን። እነዚህም በልጅነታቸው ወደ ኩባ ተልከው፣ በስፓኒሽ ቋንቋ ተምረው መሐንዲስ፣ ሐኪምና የእርሻ ባለሙያ ሆነው የወጡ ኢትዮጵያውያን ናቸው።

እንደሚታወቀው በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። ኩባ ወታደሮቿን ልካ ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጎን ተሰለፈች፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ድል ተገኘ። በአዲስ አበባ የትግላችን ሐውልት ሥር የኩባውያን ወታደሮች ምስል የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከድሉ በኋላ አባቶቻቸው በጦርነቱ ያለቁባቸውና ቤታቸው የፈረሰባቸው ልጆች እየተመረጡ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኩባ ተላኩ። በሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ። የደረሱት ከዋናው የኩባ ደሴት በስተደቡብ በምትገኘው ትንሽ ደሴት ሲሆን፣ ቀድሞ የጥድ ደሴት ትባል የነበረችው ይህች ምድር በ1970 ዓ.ም. ክረምት ሀቫና ላይ የዓለም የወጣቶች ፌስቲቫል ሲደረግ ስሟ ተለውጦ የወጣቶች ደሴት ተብላለች። የአንጎላ፣ የሞዛምቢክ፣ የናሚቢያና የሌሎችም አገሮች ልጆች እዚያው ነበሩ።

ትምህርት ቤቶቹ በእርሻ መካከል የተሠሩ አዳሪ ቤቶች ነበሩ። ግማሹ ቀን ለትምህርት፣ ግማሹ ቀን ብርቱካንና ግሬፕፍሩት ለመልቀምና ለማረም ይውል ነበር። አማርኛ፣ የአገር ታሪክና ጂኦግራፊ የሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን መምህራን አብረው ሄደዋል። የቀረው ሁሉ፣ ሒሳቡም ፊዚክሱም፣ በስፓኒሽ ነው። አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ እያወራ፣ እየተጫወተ፣ እየተጣላ ቋንቋውን ወረሰው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሌላው የውጭ ተማሪ አንድ ዓመት ሙሉ ለቋንቋ ዝግጅት ሲቀመጥ፣ እሱ አንድ ቃል የሚያግደው አልነበረም። ሀቫና፣ ሳንታ ክላራና ሳንቲያጎ ሄደው አምስት ዓመት ምሕንድስና አጥንተው የተመረቁት በዚህ መሠረት ነው።

ከሱቃችን ደንበኞች አንዱ የነበሩት ጋሼ (ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈለጉም) በሳንታ ክላራ መካኒካል ምሕንድስና የጨረሱ ሰው ናቸው። የስፓኒሽ ነገር ሲነሣ ፊታቸው ይበራ ነበር። ስፓኞች በፊደላቸው ላይ ምልክት ጨምረው የሚጽፉትን ድምፅ እኛ በ«ኘ» ስለምንጽፈው ለአበሻ ልጅ ቀላል ነበር ይሉናል። «ነገ» በስፓኒሽ «ማኛና» ነው። ማኛ ጤፍ ለመግዛት ሲመጡም «ዛሬ ከሌለ ማኛና እመጣለሁ» እያሉ ያስቁን ነበር።

እኛን ከሁሉ ያስገረመን ግን ሌላ ነው። አረቦች ከ711 እስከ 1492 እ.ኤ.አ. ድረስ በስፔን ምድር ስለገዙ ብዙ የአረብኛ ቃል በስፓኒሽ ውስጥ ቀርቷል። እኛ መደርደሪያችን ላይ ሱከር፣ ዜትና ሩዝ ብለን ለሱዳኖች የምንሸጠውን፣ ጋሼ በስፓኒሽ አሱካር፣ አሴይቴ፣ አሮስ ይሉታል። መኸዳው (ትራሱ ማለት ነው) አልሞአዳ ነው። ኢንሻአላህን የሚመስል የአረብኛ አባባል እንኳ «ኦሃላ» ሆኖ በኩባውያን አፍ ይኖራል። ካርቱም በመጡ ጊዜ አረብኛው ቶሎ የገባቸው ለዚህ እንደሆነ ይናገሩ ነበር፤ እኛ ግን ጆሯቸው በልጅነት መከፈቱም ጭምር ይመስለናል።

ስለ ሱዳን ካነሣን አይቀር፣ ብዙ የካርቱም ሰው ያልሰማው ነገር አለ። በ1985 እና በ1986 እ.ኤ.አ. ስድስት መቶ ያህል የደቡብ ሱዳን ልጆች በኢትዮጵያ ምዕራብ ከነበሩት የስደተኛ ካምፖች ተመርጠው ወደዚያችው ደሴት በመርከብ ተልከዋል። እንደኛዎቹ ልጆች በስፓኒሽ ተምረው ሐኪምና መሐንዲስ ሆኑ፤ ጦርነቱ ስላላለቀ ግን አገራቸው መግባት አልቻሉም። ብዙዎቹ በኋላ ካናዳ ተሻገሩ። በጥር 2005 እ.ኤ.አ. የሰላሙ ስምምነት ሲፈረም ከእነሱ መካከል ወደ ጁባ የተመለሱ ሐኪሞች አሉ። እዚያም እርስ በርሳቸው በስፓኒሽ ስለሚያወሩ «የኩባ ጁባዎች» ይባላሉ።

የእኛዎቹ ዕጣ የተለያየ ሆነ። ቀደም ብለው የጨረሱት አገር ገብተው በየፋብሪካውና በየመሥሪያ ቤቱ ተመደቡ። ዘግይተው የቀሩት ደግሞ ሁለት ነገር በአንድ ዓመት ደረሰባቸው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የላካቸው መንግሥት ወደቀ፤ በዚያው ዓመት በ1991 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ኩባ ነዳጅና ምግብ አጣች። መብራት ይጠፋል፣ አውቶቡስ የለም፣ ሕዝቡ በብስክሌት ይሄዳል። ጠያቂ ያጡ ተማሪዎች ለዓመታት እዚያው ቀርተዋል።

ጋሼ ከዚያ በፊት አገር ከገቡት ናቸው። ወደ ካርቱም የመጡት ሱዳን ነዳጅ መሸጥ ጀምራ ከተማው ሁሉ ግንባታ በሆነበት በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነበር። ዲፕሎማቸው በስፓኒሽ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ይተርጎም፣ ከዚያ ወደ አረብኛ ይተርጎም፣ ማኅተም ይምታበት ተብሎ አንድ ቢሮ ሲመልሳቸው ሌላው ሲቀጥራቸው ዓመት አለፈ። ወጪው ከሚያገኙት በላይ ሲሆን ተዉትና ጄኔሬተር መጠገን ያዙ። ሱዳኖቹ መካኒኩን ሁሉ በአክብሮት «ባሽሙሐንዲስ» ይላሉ። ለእሳቸው ግን እውነተኛ ማዕረጋቸው ነበር፤ የሚያውቀው ሰፈሩ ብቻ ሆነ እንጂ። አንድ ሰው የሙያውን መጽሐፍ ሁሉ በአንድ ቋንቋ አንብቦ፣ ያንን ቋንቋ የሚናገር ሰው በሌለበት አገር ሲኖር ምን ያህል እንደሚከብድ ከእሳቸው አይተናል።

ከእናት ጉያ በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነጥሎ መላክ ትክክል ነው ወይ? ብዙ ጊዜ በሱቁ ደጃፍ ተከራክረንበታል። እኛ አንልክም ነበር። ጋሼ ደግሞ «ባልሄድ ኖሮ ሰባተኛ ክፍልንም አልጨርስም» ይላሉ፤ ይሁንና ከአሥር ዓመት በኋላ ሲመለሱ እናታቸውን ያወቁት በድምፃቸው እንደሆነ ሲያወሩ ዝም ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ ብዙዎቻችን ሱቁንም ዕቃውንም ትተን በመተማ በኩል ተሻገርን። ጋሼ የመሣሪያ ሣጥናቸውን ጥለው ያቺን የሳንታ ክላራ ዲፕሎማ በላስቲክ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘው ወጡ። የሌሎቹ ግን ወረቀታቸው ከቤታቸው ጋር ጠፍቷል። ልጆቻችንም እንደገና የትምህርት ቋንቋ ቀየሩ፤ ትናንት በአረብኛ የተማረው ዛሬ በአማርኛ፣ ሌላው በእንግሊዝኛ ይማራል።

በኩባ የተማራችሁ ወይም የተማረ ዘመድ ያላችሁ ወገኖች ሁሉ፣ ዲፕሎማም ይሁን የደሴቱ ፎቶግራፍ በእጃችሁ ካለ ለኮሚኒቲው አባላት አሳዩልን። ኮፒ ተደርጎ ዋናው ወዲያው ይመለስላችኋል።