የሕዋስ ገጽ ፕሮቲኖችና የሳንባ ካንሰር ሥርጭት፦ ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ነዋሪዎች የቀረበ መረጃ

የሳንባ ካንሰር በዓለም ላይ ከሌሎች የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ የበለጠ ሕይወት ይቀጥፋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በበሽታው ሲያዙ፣ 1.8 ሚሊዮን የሚሆኑት ለሞት ተዳርገዋል። ለአብዛኛው ሞት ምክንያት የሚሆነው በሳንባ ውስጥ የበቀለው የመጀመሪያው ዕጢ ሳይሆን፣ ከዚያ ተነሥቶ ወደ አንጎል፣ ወደ አጥንትና ወደ ጉበት የሚደርሰው ሥርጭት ነው። ሥርጭቱን በአብዛኛው የሚወስኑት ደግሞ በሕዋሱ ውጫዊ ገጽ ላይ የሚገኙ ፕሮቲኖች ናቸው። እነዚህን ፕሮቲኖች ማወቅ ለሐኪሙ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም፤ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ለምን ፈጥኖ መመርመር እንዳለበት የሚያስረዳው ይኸው ነውና።

የጭሱ ጉዳይ

በሰሜን ሸዋ ደጋማ ወረዳዎች ትምባሆ ማጨስ በኦርቶዶክሳዊው ማኅበረሰብ ዘንድ እንደ ነውር ይቆጠራል። በአገር አቀፍ ደረጃም እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የአዋቂዎች ጥናት መሠረት ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። በዚህ የተነሣ ብዙዎች የሳንባ ካንሰርን የአጫሾች በሽታ ብቻ አድርገው ያዩታል። ትምባሆ ቀዳሚው መንስኤ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ብቸኛው ግን አይደለም።

በመንዝና በግሼ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው አካባቢዎች ዛፍ በመመናመኑ ኩበት ዋነኛ ማገዶ ሆኗል። ቤቱ በድንጋይ የታነጸ፣ በጓሳ ሣር የተከደነ፣ ብርዱን ለመከላከል ሲባል መስኮቱ የጠበበ ወይም ጭራሹን የሌለው ነው። ጭሱ በክዳኑ እየሰረገ እስኪወጣ ድረስ እንጀራ የምትጋግረው፣ ጠላ የምትጠምቀው እናትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ይተነፍሱታል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ከእንጨትና ከመሰል ማገዶ የሚወጣውን የቤት ውስጥ ጭስ «ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ» ከሚላቸው ነገሮች መድቦታል፤ በቤት ውስጥ የሚነድ የድንጋይ ከሰል ጭስ ደግሞ ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል። ወደ ጀማ ሸለቆ በሚወርዱት የመርሐቤቴ ቀበሌዎች ሙቀት ስላለ ደጅ ማብሰል ይቀላል። በመንዝ ብርድ ግን ይህን መምከር ከባድ ስለሆነ፣ የጭስ መውጫ ያለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የተሻለው አማራጭ ነው።

ሕዋሱ ከጎረቤቱ ሲለይ

ጤነኛ የሳንባ ሕዋሳት እንደ ድንጋይ ካብ እርስ በርስ ተያይዘው ይኖራሉ። አንዱን ከሌላው ጋር የሚያያይዘው ኢ-ካድሄሪን የተባለው የገጽ ፕሮቲን ሲሆን፣ ሥራውን የሚያከናውነው በካልሲየም አማካይነት ነው። ጭስ ለረጅም ጊዜ የሳንባን ሽፋን ሲያስቆጣ ሕዋሳቱ የዘር መመሪያቸው ይጎዳል፤ በቁጣው ምክንያት የሚመነጩ መልእክተኛ ንጥረ ነገሮችም የኢ-ካድሄሪንን መጠን ሊቀንሱ ይችላሉ። ወደ ካንሰርነት የተለወጠ ሕዋስ ይህን ማያያዣ ሲያጣ ቅርጹን ለውጦ ከካቡ ይወጣል።

ከካቡ መውጣት ብቻውን ግን አያዘልቀውም። ሕዋሱ በዙሪያው ያለውን ሕብረ ሕዋስ ይዞ ለመጓዝ ኢንቴግሪን የተባሉትን የገጽ ፕሮቲኖች እንደ እጅ ይጠቀማል። በእነዚሁ እየተያዘ ወደ ደም ወይም ወደ ሊምፍ ቧንቧ ይገባል፤ በደረሰበት ቦታም በእነርሱ ይጣበቃል። በሙከራ እንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ ወደ ደም ከገቡት የካንሰር ሕዋሳት ውስጥ አዲስ ዕጢ ለመመሥረት የሚበቁት ከ10,000 አንድ እንኳ ላይሞሉ ይችላሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ስቴፈን ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1889 የካንሰርን ሥርጭት ከዘርና ከአፈር ጋር ማመሳሰሉ ከዚህ ጋር ይስማማል። ገብስ የሚዘራ የመንዝ ገበሬ ለዚህ ሐሳብ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ዘር በየትም ይበተናል፣ የሚበቅለው ግን የሚስማማውን አፈር ሲያገኝ ነው።

ሁለት ፕሮቲኖች፣ ሁለት የሕክምና መንገዶች

ኢጂኤፍአር የተባለው የገጽ ፕሮቲን ከውጭ የሚመጣን የዕድገት መልእክት ተቀብሎ ሕዋሱ እንዲከፋፈል ያዝዛል። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን ሲዛባ መልእክት ሳይመጣም ትእዛዙ ሳያቋርጥ ይተላለፋል፤ ሕዋሱም ይባዛል፣ ለመንቀሳቀስም ይነሣሣል። እ.ኤ.አ. በ2004 ተመራማሪዎች ይህ መዛባት ያለባቸው ሕሙማን ኢጂኤፍአርን ለሚገቱ የሚዋጡ መድኃኒቶች የተለየ ምላሽ እንደሚሰጡ አረጋገጡ። መዛባቱ ይበልጥ የሚታየው አጭሰው በማያውቁ ሰዎችና በሴቶች ላይ መሆኑ ለእኛ ደጋዎች ትልቅ ትርጉም አለው፤ ሲጋራ በእጇ ነክታ የማታውቅ የመንዝ እናት በሳንባ ካንሰር ከተያዘች ይህ ምርመራ በተለይ ይመለከታታልና።

ሁለተኛው ፒዲ-ኤል 1 ይባላል። የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ጤነኛውን የአካል ክፍል እንዳያጠቁ የሚያግዝ ልጓም አላቸው፤ ልጓሙን በገጻቸው ላይ ያገኙት ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ብዙ የሳንባ ካንሰር ሕዋሳት ፒዲ-ኤል 1ን በገጻቸው ላይ በብዛት በማውጣት ይህን ልጓም ይስባሉ፤ በዚህም ሳይነኩ ያልፋሉ። ልጓሙን የሚፈቱ መድኃኒቶች ተሠርተዋል፤ ዋጋቸው ግን እጅግ ውድ ነው።

ምርመራውን በተመለከተ

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ማንኛውም ሰው በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። በመጀመሪያ የሚደረገው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነቀርሳ አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ግን ጉዳዩ አበቃ ማለት አይደለም። ሳሉ ከቀጠለ፣ ደም ከተቀላቀለበት፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ድምፅ ከሻከረ ወይም ደረት ከወጋ የራጅ ምርመራና ወደ ከፍተኛ ተቋም መላክ ያስፈልጋል። «የብርድ ሳል ነው» የሚለው አነጋገር በደጋው የተለመደ ቢሆንም፣ ብርድ ለሦስት ወር ሰው አያስልም። ካንሰሩ በሳንባ ውስጥ ተወስኖ ሳለ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ይችላል፤ ሕዋሳቱ ከካቡ ወጥተው ወደ ሌላ አካል ከደረሱ በኋላ ግን ሕክምናው በአብዛኛው ዕድሜን ለማራዘምና ሕመምን ለማስታገስ ነው።

ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ሆስፒታል ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚላክ ሕመምተኛ የራጅ ፊልሙን፣ የአክታ ምርመራ ውጤቱንና የናሙና ምርመራ ወረቀቱን ይዞ መሄድ ይኖርበታል። ከሳንባ የተወሰደው ናሙና በሰም ተጠቅልሎ በፓቶሎጂ ክፍል ይቀመጣል። የኢጂኤፍአርም ሆነ የፒዲ-ኤል 1 ምርመራ ከዚሁ ናሙና ሊሠራ ስለሚችል፣ አስታማሚው ናሙናው የት እንደተቀመጠና የመለያ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ጠይቆ ቢመዘግብ ሕመምተኛው ዳግመኛ ናሙና ከመስጠት ሊድን ይችላል።