ተወዳጅ ሾው ለምን ይቋረጣል? መታየት እና መቆጠር ለየቅል ናቸው

አንድ ተከታታይ ድራማ ጀምራችሁ፣ ልብ የሚያንጠለጥል ቦታ ላይ ስትደርሱ "ቀጣይ ሲዝን የለውም" የሚል ዜና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችን ላይ ደርሷል። በተለይ ተመልካቹ ጥቂት፣ ፍቅሩ ግን የበረታ ሾው ላይ ይሄ ነገር ይበዛል። "ይሄን ያህል እየተወደደ እንዴት ይቋረጣል?" ማለትም ይከተላል።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው። አንድን ሾው የሚያኖረው የወደደው ሰው ብዛት ብቻ አይደለም። ያየው ሰው መቆጠሩ፣ ከዚያም ቆጠራው ለማን ገንዘብ እንደሚያመጣ ነው ወሳኙ። እኛ የምናይበት መንገድ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ቆጠራው ይቀየራል። አንዳንዱ ሾው በዚህ ለውጥ ይሞታል፣ አንዳንዱ ሞቶ ይነሳል።

ነገሩ ግልጽ ሆኖ የሚታየው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ስለሆነ ምሳሌዎቻችንን ከዚያ ወስደናል። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

🔹 ሬቲንግ እንዴት ይሠራል?

ማስታወቂያ የሚያስተላልፍ ጣቢያ ዋና ሸቀጡ ድራማው አይደለም፤ የሚሸጠው የተመልካቹን ዓይን ነው። አስተዋዋቂው የሚከፍለው ስንት ሰው እንዳየለት ታይቶ ነው። ቆጣሪው ኒልሰን የሚባል ኩባንያ ነው። ኒልሰን ቤት ለቤት ሁሉንም አይቆጥርም፤ ለአሥርተ ዓመታት ናሙና የሚሆኑ ቤቶችን መርጦ መሣሪያ እየገጠመ፣ ከነሱ ብቻ ተነስቶ የመላ አገሩን ያሰላ ነበር። ናሙናው ውስጥ ያልነበረ ቤተሰብ አንድን ሾው ሌት ተቀን ቢያየው ቁጥሩ ላይ ለውጥ አልነበረም።

አስተዋዋቂዎች ለረጅም ጊዜ አብልጠው የፈለጉት ደግሞ ከ18 እስከ 49 ዓመት ያለውን ተመልካች ነው። አያቶች የሚወዱት ሾው ብዙ ቢታይም ዋጋው ያነሰ ነበር ማለት ነው።

🔹 የደብዳቤው ዘመን፦ ስታር ትሬክ

ስታር ትሬክ በኤንቢሲ የጀመረው መስከረም 1966 ነው። ሬቲንጉ ዝቅተኛ ነበር። ሊቋረጥ ነው ሲባል አድናቂዎቹ ተደራጅተው ከ100 ሺህ በላይ ደብዳቤ ወደ ጣቢያው ላኩ። ጣቢያው መጋቢት 1968 ላይ ሾው እንደሚቀጥል በራሱ ስርጭት አሳወቀ።

ግን ሦስተኛው ሲዝን የተመደበው ዓርብ ማታ 4 ሰዓት ላይ ነበር። ወጣቱ ዓርብ ማታ ቤቱ የለም! በ1969 በ79 ክፍሎች አበቃ። ከዚያ በየከተማው ያሉ ጣቢያዎች ክፍሎቹን ገዝተው በተመቸ ሰዓት ደጋግመው ሲያሳዩ ተመልካቹ በዛ፤ በ1979 በሲኒማ ተመለሰ። ሾው ያው ራሱ ነው። የተለወጠው የሚታይበት ሰዓትና ከእሱ የሚያተርፈው ነው።

🔹 ቀድቶ ማየት ሲመጣ፦ ጄሪኮ

ከ1999 ጀምሮ ቲቮን የመሳሰሉ መቅጃዎች (ዲቪአር) ገበያ ገቡ። ሰው ድራማውን ቀድቶ በተመቸው ቀን ማየት ጀመረ፣ ማስታወቂያውንም አሳልፎ። ኢንተርኔት ላይ የሚያየውም መጣ። አስተዋዋቂዎች "ማስታወቂያዬን ላላየ ሰው ለምን እከፍላለሁ?" አሉ፤ ቆጠራው ግን ከልማዱ ወደኋላ ቀርቶ ነበር።

በመሃል የተጎዳው አንዱ የሲቢኤሱ ጄሪኮ ነው። ከኑክሌር ጥቃት በኋላ ስለተረፈች አንዲት የካንሳስ ከተማ የሚተርክ ድራማ ነው። ግንቦት 2007 ተቋረጠ። በመጨረሻው ክፍል ጀግናው "እጅህን ስጥ" ሲባል የመለሰው ቃል በእንግሊዝኛ "አላደርገውም" እንደማለት ሆኖ "ለውዝ" የሚል ትርጉምም አለው። አድናቂዎቹ ይቺን ይዘው ወደ ሲቢኤስ 20 ቶን ገደማ ለውዝ ላኩ።

ሠራ! ጣቢያው ተጨማሪ 7 ክፍሎች ፈቀደ፤ ነገር ግን አድናቂዎቹ አዲስ ተመልካች እንዲያመጡም ጠየቀ። ቁጥሩ አልመጣም፣ መጋቢት 2008 ላይ በድጋሚ ተቋረጠ። ለውዝ የሾውን ስም አስጠራ እንጂ የማስታወቂያ ገቢ አልሆነም።

በዚያው 2007 መኸር ጣቢያዎችና አስተዋዋቂዎች "ሲ-3" የሚባል መለኪያ መጠቀም ጀመሩ። ማስታወቂያውን በቀጥታና በቀጣዮቹ 3 ቀናት ውስጥ ያየው ሰው ይቆጠራል። በ4ኛው ቀን ያየ ግን ከዚህ ቆጠራ ውጭ ነው።

🔹 መብቱ በማን እጅ ነው? ዘ ኤክስፓንስ

ይሄን ታሪክ በደንብ ያዙት፣ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ነው።

ዘ ኤክስፓንስ በ2015 መጨረሻ ሳይፋይ በሚባል የኬብል ጣቢያ የጀመረ የሕዋ ድራማ ነው። ተቺዎች አድንቀውታል፣ ወጪውም ከባድ ነው። ሳይፋይ የያዘው መብት ግን በአሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን የማስተላለፍ ብቻ ነበር። ሰው በኋላ በስትሪሚንግ ሲያየው ለሳይፋይ ጠብ የሚል ነገር የለም። በዚህ ዓይነቱ ድራማ ደግሞ ብዙው ተመልካች ሰዓት ጠብቆ የሚቀመጥ አይደለም። ስለዚህ ግንቦት 2018 ላይ ሳይፋይ ከሦስተኛው ሲዝን በኋላ አልቀጥልም አለ።

አድናቂዎቹ ፊርማ አሰባሰቡ፣ ገንዘብ አዋጥተው መልእክት የያዘ አውሮፕላን ከአማዞን ስቱዲዮ በላይ አበረሩ። አድራሻው ላይ ልብ በሉ፦ ጩኸታቸው ላቋረጠው ጣቢያ ብቻ ሳይሆን ሊጠቀምበት ለሚችለው ድርጅት ነበር። አማዞን የስትሪሚንግ ደንበኛ ይፈልጋል፤ ዘግይቶ የሚያይ ሰው ለእሱ ኪሳራ አይደለም። በዚያው ወር ጄፍ ቤዞስ ሾው መትረፉን ራሱ አበሰረ። ድራማው እስከ ስድስተኛው ሲዝን ዘልቆ ጥር 2022 ላይ ተጠናቀቀ።

በዚያው ወር ፎክስ ብሩክሊን ናይን-ናይንን ሲያቋርጥ በማግስቱ ኤንቢሲ ወሰደው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ የሾው አምራች ዩኒቨርሳል ቴሌቪዥን ከኤንቢሲ ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው።

🔹 ስትሪሚንግ ገነት ነው እንዴ?

አይደለም። ግንቦት 2025 ላይ በአሜሪካ የቴሌቪዥን እይታ የስትሪሚንግ ድርሻ 44.8 በመቶ ደርሶ፣ መደበኛውንና ኬብሉን ተደምረው (44.2 በመቶ) ለመጀመሪያ ጊዜ በለጠ። ግን እዚህም ቆጠራ አለ። ሰዓቱ ተቀየረ እንጂ አልቀረም።

ኔትፍሊክስ ስንት ሰው እንደጀመረና ስንቱ እንደጨረሰ ይከታተላል፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹ 7 እና 28 ቀናት ቁጥር ትኩረት ይሰጠዋል። ከዚያ ከወጪው ጋር ይመዘናል። "ቆይቶ ይጣፍጣል" የሚባል ቀስ ብሎ የሚሞቅ ድራማ እዚህ ይቸገራል። የዳርክ ፈጣሪዎች የሠሩት 1899 ህዳር 17 ቀን 2022 ወጣ፣ በብዙ አገር ከምርጥ አስሮቹ ገባ፣ ጥር 2 ቀን 2023 ተቋረጠ። ሰባት ሳምንት እንኳ አልሞላም። "ሲጠናቀቅ አየዋለሁ" ብለን ስናቆይ፣ እንዳይጠናቀቅ እያደረግነው ሊሆን ይችላል።

ሌላም አለ። መቋረጥ ሳይበቃ ከነጭራሹ መጥፋት። ዲዝኒ ፕላስ ግንቦት 2023 ላይ ዊሎን ጨምሮ በርካታ የራሱን ሥራዎች ከመተግበሪያው አነሳ። ዊሎ የመጨረሻ ክፍሉ ከወጣ ገና አምስት ወር አልሞላውም ነበር።

🔹 ሞተው የተነሱ

ማኒፌስት በረራ 828 የሚባል አውሮፕላን ተሳፋሪዎች ታሪክ ነው። ኤንቢሲ ሰኔ 2021 ላይ አቋረጠው። በነዚያው ቀናት ግን የቀድሞ ሲዝኖቹ ኔትፍሊክስ ላይ ገብተው አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጡ። ኔትፍሊክስ 20 ተጨማሪ ክፍሎች እንደሚሠራ ያሳወቀው ነሐሴ 28 ቀን ነው፤ በፈረንጆች ወር አቆጣጠር 8/28!

ሱትስ ደግሞ በ2019 አልቆ የነበረ ሾው ነው። በ2023 ኔትፍሊክስ ላይ ሲገባ በዓመቱ በአሜሪካ 57.7 ቢሊዮን ደቂቃ ታየ። ኤንቢሲ በዚህ ተበረታቶ ሱትስ ኤልኤን በ2025 ጀመረ፤ በአንድ ሲዝን ተቋረጠ። በስልክ ተኝቶ ደርዘን ክፍል የሚያይ ሰው፣ በየሳምንቱ ሰዓት ጠብቆ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል ማለት አይደለም።

🔹 እኛን ምን አገባን?

ብዙዎቻችን የውጭ ድራማ የምናየው ከቴሌግራም አውርደን ነው። ዳታ ውድ ነው፣ በዶላር የሚከፍል ካርድም በሁሉም እጅ የለም፤ ለመፍረድ አይደለም። ግን እውነቱ ይሄ ነው፦ ያ እይታ ለማንም አይቆጠርም።

የአገራችን ድራማ ላይ ሲሆን ነገሩ ይቀርበናል። ዛሬ ብዙ ድራማዎች ዩቲዩብ ላይ ይለቀቃሉ። አንድ ቻናል ከረጃጅም ቪዲዮዎቹ የማስታወቂያ ገቢ ለማግኘት 1,000 ሰብስክራይበር እና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት እይታ ያስፈልገዋል። ድራማውን ቆርጦ በራሱ ቻናል የለቀቀ ሰው ይሄን እይታ ከባለቤቱ ይወስዳል።

ስለዚህ የምትወዱት አነስተኛ ሾው እንዲቀጥል ከፈለጋችሁ፦

✔️ ከሠሪዎቹ ቻናል ላይ እዩት።
✔️ በወጣበት ሰሞን እዩት፣ የጀመራችሁትን ጨርሱ።
✔️ ለጓደኛ ስትልኩ ፋይሉን ሳይሆን ሊንኩን ላኩ።
✔️ ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ፣ የማስታወቂያ ክፍያ ተመልካቹ ባለበት አገር ስለሚለያይ የእናንተ አንድ እይታ ከእኛ አንድ እይታ የበለጠ ገቢ ሊያመጣ ይችላል።

መውደድ ጥሩ ነው፤ ሾው የሚቀጥለው ግን የተቆጠረው እይታ ወጪውን ሲሸፍን ነው።

እናንተስ? ሳያልቅ የቀረባችሁ ሾው የትኛው ነው?