የማን ሥራ ነው? የሕይወት ሳይንስ የዶክትሬት ጽሑፎች ምዘና በታሪክ ሲታይ

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1735 በሰኔ ወር ካርል ሊኔዎስ የተባለ የ28 ዓመት ስዊድናዊ በኔዘርላንድ ወደምትገኘው የሐርደርዋይክ ከተማ ደረሰ። ከአገሩ ጽፎ ያመጣውን የሕክምና መመረቂያ ጽሑፍ አስመረመረ፤ አሳተመ፤ በጉባኤ ፊት ቆሞ ተከራከረበት። አንድ ሳምንት ያህል በሆነ ጊዜ ውስጥም ዶክተር ተብሎ ተመረቀ። የጽሑፉ ርእስ እየተመላለሰ የሚነሣ ትኩሳት፣ ይኸውም ዛሬ ወባ የሚባለው በሽታ ሲሆን፣ መንሥኤው በሸክላ አፈር ከሚገኝ ውሃ ጋር ወደ ሰውነት የሚገባ የአፈር ብናኝ ነው ይላል። ሐሳቡ ስሕተት ነበር። የወባን ጥገኛ ተሐዋሲ ላቬራን በሕሙማን ደም ውስጥ ያየው በ1880 ነው፤ ሮስ ደግሞ በትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው በ1897 ነው።

ይሁን እንጂ ፈታኞቹ በዘመናቸው መመዘኛ ሲታዩ አልተሳሳቱም ለማለት ይቻላል። በዚያ ዘመን ዶክትሬት የሚሰጠው አዲስ ነገር ላገኘ ሰው ሳይሆን፣ የሊቃውንትን መጻሕፍት ለሚያውቅና በላቲን ቋንቋ ተከራክሮ ለሚረታ ሰው ነበር። ጽሑፉ የክርክሩ መነሻ እንጂ የምዘናው ዋና ጉዳይ አልነበረም።

የዚህ ሥርዓት ጠባይ ጎልቶ የሚታየው ሊኔዎስ ራሱ በ1741 በኡፕሳላ ፕሮፌሰር ከሆነ በኋላ ነው። ሊኔዎስ በዘመኑ 186 የመመረቂያ ጽሑፎች ሲቀርቡ በሰብሳቢነት ተቀምጧል። ሐሳቡን የሚያቀርበው፣ ብዙ ጊዜም ቃል በቃል የሚያጽፈው እርሱ ነበር፤ ተማሪው የላቲኑን ጽሑፍ አስተካክሎ፣ የማሳተሚያውን ወጪ ከፍሎ፣ በጉባኤ ፊት ቆሞ ይመልሳል። ስለዚህም ተማሪው ‹‹መላሽ›› እንጂ ደራሲ አይባልም ነበር። ጽሑፎቹም በኋላ በሊኔዎስ ስም በተከታታይ ቅጾች ተሰብስበው ታትመዋል። ከእነዚህ አንዱ በ1761 ስለ ቡና መጠጥ የቀረበው ነው። ሊኔዎስ ለቡና ‹‹ዐረባዊት›› የሚለውን የሳይንስ ስም የሰጠው ቀደም ብሎ በ1753 ነበር፤ ተክሉ በዱር የሚበቅልባቸው ጥንታዊ ደኖች በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋዎች መኖራቸው በሚገባ ከታወቀ በኋላም ስሙ አልተለወጠም።

ለውጡ የመጣው ከጀርመን ነው። በ1810 የተከፈተው የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ማስተማርንና መመራመርን አንድ ለማድረግ የታሰበ ነበር። በዚያም በ1834 ቴዎዶር ሽቫን በዮሐንስ ሙለር መሪነት ለዶክትሬት ያቀረበው ጽሑፍ ለአዲሱ መመዘኛ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ጥያቄው ጠባብ ነው፤ በዕንቁላል ውስጥ ያለ የጫጩት ሽል ለማደግ አየር ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም? ሽቫን መልሱን በመጻሕፍት ውስጥ አልፈለገም፤ ዕንቁላሎችን ኦክሲጅን በሌለበት አስቀምጦ የሆነውን ተመለከተ። ጽሑፉ እንደ ቀድሞው በላቲን ቢሆንም፣ ፈታኞቹ ሊጠይቁ የሚችሉት ጥያቄ ግን ተለውጧል። ምን አደረግህ? እንዴት አወቅህ? ሽቫን ከ5 ዓመት በኋላ የእንስሳት አካል ከሴሎች የተሠራ መሆኑን በመጽሐፍ ሲያስረዳ የተጠቀመበት የአሠራር ጥንቃቄ እዚህ ላይ ተጀምሯል።

የጀርመን ሥርዓት ግን ሁሉ የተስተካከለ አልነበረም። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ዕጩው ሳይቀርብ፣ ጽሑፉንና ገንዘቡን በፖስታ ስለላከ ብቻ ማዕርጉን ይሰጡ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ቴዎዶር ሞምዘን በ1876 ይህን አሠራር በአደባባይ አወገዘ፤ ልማዱም ከዚያ ወዲህ እየቀረ ሄደ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የምርምርን ዶክትሬት ከጀርመን ወረሰ፤ ኦክስፎርድ ይህን ማዕርግ የተቀበለው በ1917 ገደማ ነው።

‹‹አዲስ ዕውቀት ያስገኘ›› የሚለው መመዘኛ ከጸና በኋላ ደግሞ ሌላ ችግር ተከተለ። የግኝት ዋጋ በፈተናው ዕለት አይታወቅም። በ1897 የ23 ዓመቱ ኤርነስት ዱሼን በሊዮን ከተማ ስለ ሻጋታና ስለ ጀርሞች ባላንጣነት የሕክምና ዶክትሬት ጽሑፍ አቀረበ። ገዳይ ጀርም የተሰጣቸው የሙከራ እንስሳት የሻጋታ ፈሳሽ ሲሰጣቸው ከሞት መዳናቸውን ጻፈ፤ ጉዳዩ በሰፊው እንዲመረመርም አሳሰበ። ማዕርጉ ተሰጠው፤ ጽሑፉም ተረሳ። ዱሼን በሳንባ ነቀርሳ በ1912 ሞተ። ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ያስገኘውን ሻጋታ ያየው በ1928 ነው። ፈታኞቹ ዱሼንን አልጣሉትም፤ የጎደለው ከማለፊያው በኋላ የሚከታተል ሰው ነበር።

በ1941 ደግሞ ዣክ ሞኖ ስለ ባክቴሪያዎች እድገት ያጠናውን በሶርቦን አቀረበ። ሁለት ዓይነት ስኳር ባለበት ምግብ ውስጥ ባክቴሪያዎቹ አንደኛውን ጨርሰው፣ ጥቂት ቆም ብለው ወደ ሁለተኛው እንደሚሻገሩ በቍጥር አሳየ። ባልደረባው አንድሬ ልዎፍ በኋላ እንደ ጻፈው፣ ከሶርቦን ኃላፊዎች አንዱ የሞኖ ሥራ ለተቋማቸው ምንም እንደማይመለከተው ነግረውታል። ሞኖ፣ ልዎፍና ፍራንስዋ ዣኮብ በ1965 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ የሞኖ ሥራ ሥር ያ ጥቂት ‹‹ቆም ማለት›› ነበር።

ከእነዚህ ታሪኮች አንድ ነገር መረዳት ይቻላል። የፈታኝ ዐይን ሩቁን አያይም። በእጁ ያለውን መዝገብ ግን ለማየት ይችላል፤ ሙከራው ማነጻጸሪያ አለው ወይ? ቍጥሩ በቂ ነው ወይ? የተገኘው ካልተገመተው ተለይቶ ተጽፏል ወይ? የምዘና ቅጽ የሚያዘጋጁ ዐቃጆች ‹‹ለአገር ያለው ጠቀሜታ›› ለሚለው ነጥብ ከፍተኛ ውጤት ሲሰጡ፣ ፈታኙን ትንቢት እያስነገሩት መሆኑ ሊታሰብ ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጥንታዊው ጥያቄ ተመልሶ መምጣቱ ነው። ዛሬ በሕይወት ሳይንስ አንድ ጥናት የብዙ እጆች ሥራ ነው፤ አንዱ ናሙና ይሰበስባል፣ ሌላው በመሣሪያ ይመረምራል፣ ሌላው ቍጥሩን ይተነትናል፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ ሐሳቡንና ገንዘቡን ያመጣል። በስዊድን በዚህ ዘርፍ የሚቀርቡ ብዙዎቹ የዶክትሬት ጽሑፎች ከሌሎች ጋር የታተሙ መጣጥፎች ጥራዞች ሲሆኑ፣ በፊታቸው ዕጩው ብቻውን የጻፈው ማጠቃለያ ይቀመጣል። ከየመጣጥፉ የእርሱ ድርሻ የትኛው እንደ ሆነም እንዲያስረዳ ይጠየቃል። ጽሑፉ ከፈተናው ሳምንታት ቀደም ብሎ በይፋ ይለጠፋል፤ ተከራካሪው ምሁር ከሌላ ተቋም ይጋበዛል፤ ጉባኤው ለሕዝብ ክፍት ነው።

በ1761 ስለ ቡና የቀረበው ጽሑፍ ሽፋን ላይ የመላሹ የሄንሪክ ስፓርሹክ ስም ይነበባል፤ ጽሑፉ ራሱ የሚገኘው ግን በሊኔዎስ ሥራዎች ስብስብ ውስጥ ነው።