አንድ አጭር ጢጥ

የኮምፒዩተር ጥገና የተማርኩት ፒያሳ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ በሚጠብቅባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። ባለቤቱን ጋሼ እንላቸው ነበር። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ገመድ እየበየዱም ቢሆን ጆሯቸው እኛ ዘንድ ነው። ማሽኑ ሲበራ አንድ አጭር «ጢጥ» ከተሰማ «ደህና ነው፣ ስጠው» ይላሉ። ሦስት ጊዜ ከጮኸ ዞር ሳይሉ «ሜሞሪውን ንቀልና መልሰህ ሰካው»፤ ስምንት ከሆነ ደግሞ «የስክሪን ካርዱን እይ»። ያኔ አስማት ይመስለኝ ነበር። ጢጧ ታሪክ እንዳላት ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ እንዲያውም ዋጋ ካስከፈለችኝ በኋላ። ዋጋውን የከፈሉት ግን በአብዛኛው ሌሎች ሰዎች ነበሩ። እሱን እመጣበታለሁ።

ከፒሲ በፊት የነበሩት ኮምፒዩተሮች አይበላሹም ነበር ማለት አይደለም። ግን አጠገባቸው ባለሙያ ነበር። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ብዙዎቹ ማሽኖች ግንባራቸው ላይ የትንንሽ መብራቶችና የማብሪያ ማጥፊያዎች ረድፍ ነበራቸው። ኦፕሬተሩ የመጀመሪያዎቹን ትእዛዞች በጣቱ፣ ማብሪያዎቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገ ያስገባል፤ ማሽኑ ከቆመም መብራቶቹን አይቶ የት ጋ እንደቆመ ያነባል።

አይቢኤም እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 1981 ፒሲውን ሲያስተዋውቅ ግን ማሽኑ የሚሄደው ወደ ሒሳብ ሠራተኛ ጠረጴዛ፣ ወደ ሱቅ፣ ወደ መኖሪያ ቤት ነው። እዚያ መብራት የሚያነብ ሰው የለም። ስለዚህ ምርመራው ራሱ ማሽኑ ውስጥ፣ መብራት ቢጠፋም በማይጠፋ ሜሞሪ ላይ፣ ባዮስ በሚባለው ፕሮግራም ተጻፈ። (ባዮስ የሚለውን ስም ያወጣው ጋሪ ኪልዳል ነው፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ለሠራው ሲፒኤም ለተባለ ሥርዓት። አይቢኤም ስሙን ወረሰው።) ምርመራው «ፖስት» ተባለ፤ ሲበሩ ራስን መፈተሽ እንደማለት ነው።

እስኪ አስቡት፦ የታመመ ሰው ራሱን እንዴት ይመረምራል? ዓይኑ ታሞ ከሆነ ዓይኑን በምን ያየዋል? አይቢኤሞች ያገኙት መልስ ቅደም ተከተል ነው። እያንዳንዱ ፈተና የሚደገፈው ከሱ በፊት በተፈተነው ላይ ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ ኃይል ሲያገኝ ሁልጊዜ የሚነቃው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ከአንድ ሜጋባይቱ የአድራሻ ጣሪያ 16 ባይት ዝቅ ብሎ። እዚያ የሚያገኘው ትእዛዝ ወደ ምርመራው ይልከዋል። መጀመሪያ የራሱን የውስጥ መያዣዎች ይፈትሻል። ካልሠሩ ባለበት ይቆማል፤ ዝም። ከዚያ ባዮሱ የተጻፈበትን ሜሞሪ ባይት በባይት ደምሮ ድምሩ ዜሮ መምጣቱን ያያል። ከዚያ የመጀመሪያውን 16 ኪሎባይት ሜሞሪ ይይዛል፦ የታወቀ ነገር ይጽፍበታል፣ መልሶ ያነበዋል፣ ያነጻጽራል። ስክሪኑ ተራው የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ድምፁ ያስፈለገው ለዚህ ነበር። ስክሪኑ ሳይፈተን ስክሪን ላይ መጻፍ አይቻልም። ድምፅ ማጉያዋ ግን ብዙ ነገር አትፈልግም። ሁሉም ደህና ከሆነ አንድ አጭር ጢጥ። አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ከሆነ የስክሪን ካርዱ። ስክሪኑ ካለፈ በኋላ ያለው ችግር በቁጥር ይጻፋል፦ 201 ሜሞሪ፣ 301 ኪቦርድ፣ 601 የፍሎፒ ዲስክ፣ በኋላ ደግሞ 1701 ሃርድ ዲስክ። መጽሐፍ ኪቦርዱ ላይ ተጋድሞ ቁልፍ ከተጫነ 301 ይመጣል፤ ብዙ ሰው ማሽኔ ሞተ ብሎ ደንግጧል። በ1984 የወጣው «ኤቲ» የተባለው ሞዴል አንድ ነገር ጨመረ፦ እያንዳንዱን ፈተና ሲጀምር ቁጥሩን ሄክሳዴሲማል 80 ወደተባለ በር ይልካል። እዚያ በር ላይ ካርድ ሰክቶ ቁጥሩን ማንበብ ይቻላል። ጋሼ ሱቅ ውስጥ አንዲት ነበረች፤ ሁለት ቀይ አሃዝ የምታሳይ። ማሽኑ ሲቆም አሃዟም ትቆማለች፣ የመጨረሻው ፈተና የትኛው እንደነበር ይታወቃል።

ከዚያ ቋንቋው ተበታተነ። ኮምፓክ የአይቢኤምን ባዮስ ሳይገለብጥ ያንኑ የሚሠራ አዲስ ጻፈ። ፊኒክስ የተባለው ኩባንያ በ1984 ለማንም የሚሸጥ አወጣ፣ አሚ ደግሞ ተከተለ። ሁሉም የየራሱን ጩኸት ፈጠረ። የፊኒክስ ጩኸት በቡድን በቡድን ነው፤ አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ አንድ እያለ፣ ልክ እንደ ሞርስ። አሚ ዝም ብሎ ይቆጥራል። የሚገርመው፣ አይቢኤም ላይ «ሁሉም ደህና» የምትለዋ አንድ ጢጥ፣ በአሚ የስህተት ሠንጠረዥ ላይ ሜሞሪው መታደስ አቅቶታል ማለት ነበረች። ጋሼ ጩኸቱን ብቻ አልነበረም የሚሰሙት፤ የማን ማሽን እንደሆነም በልባቸው ይዘው ነው።

ወደ ሰርቨር ስንመጣ ሌላ ችግር አለ፦ ሰርቨር የሚቀመጠው ተቆልፎበት ነው። ማን ይሰማዋል? በ1998 ኢንቴል፣ ዴል፣ ኤችፒና ኤንኢሲ አይፒኤምአይ በሚባል ስምምነት አንድ ሆኑ። ሰርቨሩ ውስጥ ሌላ ትንሽ ኮምፒዩተር ይኖራል፤ ዋናው ቢጠፋም ገመዱ እስከተሰካ ድረስ እሱ ነቅቶ ሙቀቱን፣ ማራገቢያውን፣ ስህተቱን ይመዘግባል፣ በኔትወርክም ይናገራል። የሰርቨር ሜሞሪም የተለየ ነው። ሪቻርድ ሃሚንግ በ1950 ባሳተመው ሐሳብ መሠረት አንድ ቢት ሲሳሳት ራሱ አርሞ ይቀጥላል። ተጠቃሚው ምንም አያይም። ያየችው መዝገቧ ብቻ ናት፤ መዝገቧን የሚከፍት ከተገኘ።

እኔ አልከፈትኩም።

አንዲት የሙያ ማሰልጠኛ ነበረች፣ ሰርቨሯን የተከልኩላት እኔ ነኝ። ሦስት ሃርድ ዲስክ በሬይድ ተያይዘው፤ አንዱ ቢሞት የቀሩት ሁለቱ የሱን ድርሻ አስልተው ይሸፍናሉ። ሰፈሩ ላይ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፣ ሰርቨሩም ቶሎ ቶሎ ይነሳል። ጥቅምት ላይ የሬጅስትራሯ እትዬ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ስክሪኑ ላይ የሆነ ቢጫ ጽሑፍ መጥቶ ቆሟል።»

«ምን ይላል እትዬ?»

«እንጃ፣ መጨረሻው ላይ ኤፍ ዋን ተጫን ይላል።»

«በቃ ይጫኑት። ቅዳሜ ብቅ እላለሁ።»

ተጫኑት፣ ሠራ። ቅዳሜ አልሄድኩም። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ። በባለሙያዎች ዘንድ የቆየ ቀልድ አለ፦ «ኪቦርድ አልተገኘም፣ ለመቀጠል ኤፍ ዋን ይጫኑ» የሚለውን ማሽን እየጠቀስን እንስቃለን። እኔም ማስጠንቀቂያውን ከዚያ ተራ ቆጥሬው ነበር። እትዬ ደግሞ ጠንቃቃ ሰው ናቸው፣ እሳቸው በሌሉበት ሌላ ሰው እንዳይቸገር ወረቀት ጽፈው ኪቦርዱ ላይ በፕላስተር ለጠፉ፦ «ሲጠይቅ ኤፍ ዋን»።

ሰኔ ላይ፣ ከአንድ ሌሊት መጥፋት በኋላ፣ ሁለተኛው ዲስክ ሄደ። ሬይዱ ከዚያ ወዲያ የሚያሰላበት ነገር አልነበረውም። ስደርስ መዝገቡን ከፈትኩት፤ የመጀመሪያው ዲስክ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ሰርቨሩ በተነሳ ቁጥር፣ በቀንና በሰዓት ተጽፎ ነበር። በተንቀሳቃሽ ዲስክ የያዝነው ቅጂ 14 ወር የቆየ ነው። የ14 ወር የተማሪ ውጤት ጠፋ፤ በር ላይ ደግሞ የምስክር ወረቀታቸውን ሊወስዱ የመጡ ልጆች ቆመዋል። አንዱ ለሥራ ፈተና የሚያቀርበው ማስረጃ እስከ ዓርብ ያስፈልገው ነበር። አልደረሰለትም።

መምህራኑ የፈተና ወረቀቶቹን ስላልጣሉ አብዛኛው እንደገና ተገኘ። እትዬና ሁለት ሠራተኞች ክረምቱን ሙሉ ሲተይቡ ከረሙ፤ እኔም ማታ ማታ እየሄድኩ አብሬ ተየብኩ። አልተቆጡኝም። አንድ ቀን ብቻ፣ ወረቀቱን ከኪቦርዱ ላይ ስልጥ፣ «ታዲያ አሁን ምን ልጫን?» አሉኝ።

«ምንም አይጫኑ፤ ይደውሉልኝ።»

አዲሱ ሰርቨር በገባ በመጀመሪያው ወር ሦስት ጊዜ ደወሉ። ሦስቱንም ሄድኩ። ሁለቱ ጊዜ የኪቦርዱ ገመድ ተነቅሎ ነው።