ወርቁ ወዴት ሄደ?



አላህ (ሱ.ወ.) ለአሶሳና ለአካባቢዋ ምድር ወርቅ ሰጥቷል። የበርታ እናቶች ከጥንት ጀምሮ የወንዙን አሸዋ በእንጨት ገበታ እያጠቡ ወርቅ ሲለቅሙ ኖረዋል። ታዲያ ወርቅ ባለበት አገር አጣቢዋ ለምን ደሃ ሆና ቀረች? መልሱን ለማግኘት ወርቁ ከእጇ ከወጣ በኋላ የሄደበትን መንገድ እንከተል።

የግብፁ ገዥ ሙሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ከዋነኞቹ ዓላማዎቹ ሁለቱ ወርቅና ባሪያ ነበሩ። ጦሩም እስከ ፋዙግሊና እስከ ቤኒሻንጉል የወርቅ ምድር ዘለቀ። በ1898 ደግሞ የራስ መኮንን ጦር አካባቢውን ለዳግማዊ ምኒልክ አስገበረ። ከዚያ ወዲህ ለማዕከሉ የሚገባው ግብር በወርቅና በባሪያ ሆነ።

ግብሩን ሰብስበው ያስገቡ ከነበሩት ገዥዎች ስማቸው የገነነው የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አል-ሐሰን ናቸው። በ1938 ሲሞቱ አዲስ አበባ ውስጥ እስከ ዛሬ ስማቸው የሚነሳበት ትልቅ ቤት ትተው ነበር። ያ ሁሉ ሀብት ከየት መጣ? ወርቅ ካጠቡ እጆች፣ እንዲሁም ከጉሙዝ፣ ከበርታ፣ ከማኦና ከኮሞ ቤተሰቦች ተነጥቀው ከተሸጡ ልጆች ነው።

ወገኖቼ! እዚህ ላይ እውነቱን አንሽሽ። ገዥው ሙስሊም ነበሩ፤ ከተበደሉትም መካከል ሙስሊሞች ነበሩ። በደል በሙስሊም እጅ ስለተፈጸመ በደልነቱ አይቀርም።

አሁን ደግሞ ኢስላም ለወርቅ ያበጀለትን መንገድ እንይ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙዓዝ ኢብኑ ጀበልን ወደ የመን ሲልኩ ዘካ ከሀብታሞቹ ተወስዶ ለድሆቹ እንዲመለስ አዘዋል። ሱረቱል ሐሽር ሀብት በባለጸጎች መካከል ብቻ እንዳይሽከረከር ታስጠነቅቃለች። በሱረቱ ተውባ ከተዘረዘሩት ስምንት የዘካ ድርሻዎች አንዱ ባሪያን ነጻ ለማውጣት የተመደበ ነው። ልዩነቱን አስተውሉ! ያኛው ግብር ከደሃው ቤት ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ ዘካ ከሀብታሙ ቤት ወደ ታች ይወርዳል። ያኛው የሰው ልጅ ይሸጥ ነበር፤ ይህኛው ነጻ ያወጣል።

በ1942 ባርነት በአዋጅ ተሻረ። አዋጅ ግን ሰንሰለት ይፈታል እንጂ የተወሰደውን ወርቅና ሳይማሩ ያለፈውን ዘመን አይመልስም። ባዶ እጁን የወጣ አባት ለልጁ ያወረሰው ያንኑ ባዶ እጅ ነው። እኔ በማስተምርበት መድረሳ ዛሬም የወርቅ ወቅት ሲደርስ ምንጣፉ ላይ ክፍት ቦታ አያለሁ። የነጋዴው ልጅ ቁርኣኑን ይቀራል፤ የአጣቢዋ ልጅ ጉድጓድ ይቆፍራል። በአእምሮ አይበላለጡም፤ የሚለያያቸው የእናትየዋ ኪስ ነው።

እንግዲህ ወርቅ ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች ሆይ! ወርቃችሁን መዝኑ። 85 ግራም ደርሶ ዓመት ከሞላው ከአርባ አንዱ እጅ የእናንተ አይደለም፤ የባለመብቱ ነው። ከዚያ በኋላ ጎረቤታችሁን ጠይቁ፦ ከትምህርት የቀረ ልጅ አለን? ደብተሩንና የዕለት ጉርሱን ብትሸፍኑለት ወርቁ የሄደበትን ረጅም መንገድ በአንድ ልጅ ያህል መለሳችሁት ማለት ነው።

አላህ ሀብታችንን ከሚያጠሩት ያድርገን። አሚን።