የይፋግ ገበያና የደሪጣ ነጋዴዎች

ይፋግ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፥ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ፥ የርብን ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ የሚገኝ ትንሽ ከተማ ነው። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ ስፍራው በዘመነ መሳፍንት ከበጌምድር ታላላቅ ገበያዎች አንዱ እንደ ነበረ አይጠረጥርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ገበያው በምን እንደ ቆመና በምን እንደ ደከመ በአጭሩ ማመልከት ነው። ዓመቶቹ የተጻፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ለገበያው መነሣት አንደኛው ምክንያት ቦታው ነው። በሰሜን ጎንደርና ወደ ምጥዋ የሚያደርሰው መንገድ፥ በደቡብ ጎጃምና ከዓባይ ማዶ ያሉት አገሮች አሉ፤ የየጁ መሳፍንት መቀመጫ የነበረው ደብረ ታቦርም ሩቅ አይደለም። አሞሌ ጨው ከሰሜን ሲወርድ፥ ቡና፥ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ከደቡብ ይወጣ ነበር። ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ በነበረበት በዚያ ዘመን ባሪያዎች በዚሁ መሥመር ይነዱ ነበር። በይፋግ ኬላ ስለ ነበረ ከሚያልፈው ጭነት ቀረጥ ይሰበሰብ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ሰዉ ነው። ከሲራራ ነጋዴዎች ብዙዎቹ እስላሞች ሲሆኑ፥ መኖሪያቸው በይፋግ አቅራቢያ ያለችው ደሪጣ ነበረች። እስላም በርስት መሬት ላይ መብት ስላልነበረው ኑሮው በንግድና በሽመና ላይ የተመሠረተ ነበር። በጎንደርም በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን፥ በ1660 ዓ.ም. ገደማ፥ እስላሞች ተለይተው እንዲኖሩ ታዝዞ ነበር። እንግዲህ ሁለቱ ወገኖች በመኖሪያ ቢለያዩም በገበያ ይፈላለጉ ነበር፤ ሹሙ ቀረጡን ይሻል፥ ነጋዴው የመንገዱን ሰላም ይሻል።

ይህ መፈላለግ በኋላ ተናጋ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1856 ዓ.ም. ገደማ እስላሞች ክርስትና እንዲቀበሉ አዘዙ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ለዚሁ የሦስት ዓመት ጊዜ ሰጡ። በአገሩ ካሉት እስላሞች ከፊሉ በውጭ ተጠምቆ በቤቱ ሃይማኖቱን ጠበቀ፤ ከፊሉም ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደደ።

በእርግጥ ለገበያው መድከም ሌላም ምክንያት አለ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ፤ ወዲያው በክፉ ቀን ከብቱ አለቀ። የንግዱም ማዕከል ወደ አዲስ አበባ ዞረ፤ በ1909 ዓ.ም. ባቡር እስከዚያ ደረሰ። ሆኖም ከብት በጊዜው ይረባል፤ የተቃጠለ ቤትም ይሠራል። ዱቤውን፥ ደንበኛውንና የመንገዱን ጠባይ የሚያውቅ ነጋዴ ሲሰደድ ግን ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል።

በመኪና ዘመን ዕድሉ ለወረታ ደረሰ፤ የጎንደር፥ የባሕር ዳርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚገናኙት በዚያ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በፎገራ ሜዳ የተስፋፋው ሩዝም ወፍጮና ነጋዴ ወደ ከተማው ስቧል።

ከዚህ የምንረዳው፥ የከተማ ታሪክ የነገሥታትና የሕንፃ ታሪክ ብቻ አለመሆኑን ነው። ከተማን ያቆመው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ፥ ማን መጣ ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ ማንስ ሄደ፥ ስለ ምንስ ሄደ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።