ላራ ክሮፍት፦ በቁምጣዋ ወይስ በዝላይዋ?

ብዙዎቻችን ላራ ክሮፍትን ያወቅናት በጌም ሳይሆን በ2001 በወጣው ፊልም፣ በአንጀሊና ጆሊ ፊት ነው። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ስለ እሷ ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው ልብሷ ነው፤ ጠባብ ካኔተራ፣ አጭር ቁምጣ፣ ጭኗ ላይ የታሰሩ ሁለት ሽጉጦች። ከዚያ ፍርዱ ይከተላል። አንዱ «ለወንዶች ዓይን የተሠራች አሻንጉሊት ናት» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ የጠንካራ ሴት ምልክት ናት» ብሎ ይሟገታል። እኛን ግን ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር የዘለሉ ይመስለናል። ልጅቷ ምን እንደምታደርግ ማን አየ? እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ።

ነገሩ የተጀመረው በእንግሊዝ አገር፣ ደርቢ ከተማ፣ ኮር ዲዛይን በሚባል የጌም ኩባንያ ውስጥ ነው። ቶቢ ጋርድ የተባለው ወጣት ንድፍ አውጪ መጀመሪያ ያሰበው ወንድ ጀብደኛ ነበር። ሰውየው ግን ከፊልሙ ኢንዲያና ጆንስ ጋር ቁርጥ አንድ ሆነና በሴት ተተካ። ሴቲቱም በመጀመሪያ ላውራ ክሩዝ የምትባል ደቡብ አሜሪካዊት ነበረች፤ ኋላ ላይ የእንግሊዝ ባላባት ልጅ ሆና ላራ ክሮፍት ተባለች። «ቶምብ ሬደር» በ1996 መገባደጃ ላይ ለገበያ ቀረበ። ከጌሙ ጋር የሚሸጠው መምሪያ እንደሚተርከው፣ ላራ በ21 ዓመቷ የተሳፈረችበት አውሮፕላን ሂማላያ ተራሮች ላይ ተከሰከሰ። ከእሷ በቀር የተረፈ አልነበረም። ከሁለት ሳምንት በኋላ በእግሯ አንድ መንደር ደረሰች። ከዚያ ወዲያ የባላባቶቹ ኑሮ አልጥም አላት።

አሁን ወደ ሥራዋ እንምጣ። በ1996ቱ ጌም ላራ ብቻዋን ናት። በፔሩ፣ በግሪክና በግብፅ ፍርስራሾች ውስጥ ስትንከራተት ብዙውን ጊዜ የሚሰማው የእግሯ ኮቴ ብቻ ነው። የሚገጥሟት በአብዛኛው ተኩላና ድብ የመሳሰሉ አውሬዎች ናቸው፤ የምትገድላቸው ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሥራውን የምትሰጣት ሴትዮ ስለ ገንዘብ ስታነሳባት፣ እሷ የምትሠራው ለጨዋታው ስትል ብቻ እንደሆነ ቁርጥ አድርጋ ትነግራታለች። ገደል ለመሻገር ዝም ብሎ መዝለል የለም። ወደ ጫፉ በቀስታ ትጠጋለች፣ አንዴ ወደ ኋላ ትዘላለች፣ ትሮጣለች፣ ከዚያ ትዘላለች። ያለ ልክ የዘለለ ይከሰከሳል። የማይሆን ቁልፍ በማይሆን ቦታ ብንሞክር «ኖ» ብላ ታቆመናለች። እኛ ከዚህ የምናነበው ረጋ ያለች፣ ነገር የምትለካ፣ ብቸኝነትን የማትፈራና የማንንም ጭብጨባ የማትጠብቅ ሴት ነው። ቁምጣው ይህን አይነግረንም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር አለ። የጌም ጀግና እንደ ልብወለድ ጀግና አይደለችም፤ ግማሹ ሥራዋ በእኛ ጣት ነው። በ1997 በወጣው በሁለተኛው ክፍል፣ ዊንስተን የሚባለው ሽማግሌ አሽከሯ የሻይ ሰሃኑን ይዞ እየተንቀጠቀጠ በቤቷ ውስጥ ይከተላታል። ስንቱ ተጫዋች ነው ይህን ምስኪን አዛውንት አታልሎ የምግብ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ የቆለፈበት! ታዲያ ይህ የማን ጠባይ ነው? የላራ ወይስ የእኛ? ስለዚህ ስለ እሷ ስንፈርድ ስለ ራሳችንም ጥቂት እየመሰከርን ነው።

ሻጮቹ ግን ይህ ሁሉ አላስጨነቃቸውም። እንደ ላራ የለበሱ ሞዴሎችን ቀጥረው በየዝግጅቱ አቆሙ። በ1997 «ዘ ፌስ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በሽፋኑ ላይ አወጣት። ማስታወቂያዎቹ ያሳዩን ሰውነቷን እንጂ ያንን የተለካ ዝላይ አልነበረም። ቶቢ ጋርድም ፍጡሩ የምትቀርብበትን መንገድ ሳይወደው ቀርቶ በዚያው ዓመት ኩባንያውን ጥሎ ወጣ።

በ2013 ደግሞ ክሪስታል ዳይናሚክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ላራን እንደ አዲስ ሠራት። ጸሐፊዋ ሪያና ፕራቸት ነበረች። ቁምጣው ቀረ፣ ሱሪ መጣ፣ ሰውነቷም የተራ ሰው መሰለ። ብዙዎች «እሰይ፣ አሁን ሰው ሆነች» አሉ። እኛም ፍርሃቷንና ለጓደኞቿ ያላትን ታማኝነት ወደድንላት። ሆኖም ሥራዋን እንይ። በመክፈቻው ትወድቃለች፣ ጎኗን ትወጋለች፣ ትጮኻለች። የመጀመሪያውን ሰው ስትገድል ትንቀጠቀጣለች፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ሰው እንደ ቅጠል ታረግፋለች። ጌሙ ከመውጣቱ በፊት በ2012 ከአዘጋጆቹ አንዱ፣ ተጫዋቹ ራሱን እንደ ላራ ከመቁጠር ይልቅ ሊጠብቃት እንደሚፈልግ ተናግሮ ብዙ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር። አያስገርምም? ቁምጣ ለባሿ ማንንም ጠባቂ አልፈለገችም፤ ሱሪ ለባሿ ግን ጠባቂ ታዘዘላት።

ልብስ ስለ ለባሹ የሚነግረን ነገር የለም እያልን አይደለም። ነገር ግን የላራን ልብስ የመረጠችው ላራ አይደለችም፤ የመረጡላት ሌሎች ናቸው። ስለዚህ ቁምጣው ይበልጥ የሚነግረን ስለ ሠሪዎቿ ነው። እሷን ፈልገን የምናገኛት ገደሉ ጫፍ ላይ ነው፤ ቆማ ርቀቱን ስትለካ። መንገድ ላይ የምናያትን ልጅ ጠባይ ከቀሚሷ ርዝመት ለማንበብ የሚቸኩል ዓይን ሁላችንም ስላለን፣ ይህ ነገር የጌም ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልታየንም። ፍርዱን ከመስጠታችን በፊት ልጅቷ ስትዘል እንያት።